ዘጠና ቀን ያልታየችው እንግዳ

በሩ ፊቷን አነበበና «ደስታ፦ ሰባ ሁለት» ብሎ ተከፈተ።

ወይዘሮ ኖላዊት በዚህ በር ሦስት ዓመት ሙሉ የገባችው በሰባ ሁለት ነው። ከሰባ በታች የተነበበ ሠራተኛ ወደ ምክር ክፍል ይላካል፤ ከሰማንያ በላይ የተነበበ ደግሞ ከጎብኚዎች ጋር ፎቶ እንዲነሣ ይመደባል። ሰባ ሁለት ማንም የማይጠይቅበት ቁጥር ነው። ከቤቷ እስከ ጽሕፈት ቤቱ ባለው የሃያ ደቂቃ መንገድ፣ ሌላው ሰው ጸጉሩን እንደሚያበጥር ሁሉ፣ እሷ ፊቷን ታሰናዳለች። የከንፈሯን ጥግ ጥቂት ከፍ፣ ግንባሯን ጥቂት ዘና፣ ዓይኗን ደግሞ ሩቅ ያለ ደህና ነገር እንደሚያይ ሰው ታደርጋለች። ባሏ ዳግማዊ ከሞተ ጀምሮ እንዲህ ነው። ባልደረቦቿ «ሰባ ሁለት» እያሉ ይጠሯታል፤ እሷም አቤት ትላለች።

የእንግዳ እንስሳት አስተናጋጅ ጽሕፈት ቤት ከፋ ውስጥ፣ ከጎጀብ ወንዝ በላይ ባለ ኮረብታ ላይ ነው። ነብር መሰሎቹ የደቡብ አሜሪካ አውሬዎች፣ ጃጓሮቹ፣ የመጡት ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነበር። የትውልድ ጫካቸው ተቃጥሎ ሲያልቅ፣ ዓለም የተረፉትን ለየአገሩ አከፋፈለ፤ ለኢትዮጵያ አሥራ አንድ ደረሷት። የሕዝባችን እንግዳ ተቀባይነት በውሉ መግቢያ ላይ ሁለት ጊዜ ተጠቅሷል። ከፋ የተመረጠው ጫካና ውሃ ስላለው ነው፤ ነዋሪውን የጠየቀ የለም።

እንግዶቹ ለቦታው ልክ ተለክቶ እንደተሰፋ ልብስ ሆነው ተገኙ፤ ችግሩም ይኸው ነበር። ቆዳቸው ቢጫ ሆኖ ጥቁር ቀለበት የተረጨበት ነው፤ በቀለበቱ ውስጥ ደግሞ፣ በአገራችን ነብር ላይ የሌለ፣ ትንሽ ጥቁር ነጥብ አለ። ፀሐይ በቅጠል መሐል አልፋ መሬት ላይ ስትንጠባጠብ የምትሠራው ቅርጽ ያው ራሱ ነው። እግራቸው አጭር፣ ደረታቸው ሰፊ፣ ራሳቸው ከባድ ነው፤ በቁጥቋጦ ሥር ለመሹለክ፣ ወንዝ ለመዋኘት፣ የከርከሮን ራስ ቅል በአንድ ንክሻ ለመብሳት የተበጀ አካል። ጎብኚው ባሕር አቋርጦ ይመጣና ሦስት ቀን ሸምበቆ አይቶ ይመለሳል። ቅሬታው ተመዘገበ። «እንስሳው አልነበረም።» «ነበረ ተባልኩ፤ አላየሁም።» «አየሁት፤ ነገር ግን ፎቶ ላይ አጭርና ወፍራም ነው።»

ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው በመጀመሪያ የጫካውን ቅርንጫፍ አሳሳ፤ ጃጓሮቹ ወዳልሳሳው ሄዱ። ቀጥሎ ከጫካው ይልቅ እንስሶቹን መለወጥ እንደሚቀል ተደረሰበት። «ማስተካከያ» ተባለ። የተስተካከለ ጃጓር ነጠብጣብ የለውም፤ ቆዳው የበሰለ ብርቱካን ይመስላል፤ እግሩም በአንድ ስንዝር ረዝሟል። አሥሩ ተስተካክለዋል። አሁን ከኮረብታው ላይ ያለ መነጽር ይታያሉ። ድኩላም ያያቸዋል። ጉሬዛ ከዛፍ ላይ ሆኖ ፍሬ ይወረውርባቸዋል። አድነው መብላት ስለማይችሉ ጠዋት በአራት ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ በአሥር ሰዓት መኪና ሥጋ ያመጣላቸዋል፤ ጥሩምባውን ሲሰሙ መንገድ ዳር ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ጎብኚዎች ረክተዋል። የሠራተኛው የደንብ ልብስ በበኩሉ ባለ ነጠብጣብ ሆኗል፤ ቅርስ እንዳይረሳ።

ያልተስተካከለችው አንዲት ናት። በመዝገብ አራት ቁጥር ትባላለች፤ የወንዙ ዳር መንደር ሰዎች እንግዳወርቅ ይሏታል። ስትመጣ ዓይኗን በቅጡ ያልገለጠች ግልገል ነበረች፤ እንደ እሷ ለቦታው የሆነ ስላልነበረ ሊይዟት አልቻሉም። የጽሕፈት ቤቱ ማሽኖች ብርቱካንማውን ቀለም እንዲለዩ ዳግም ሲሠለጥኑ ነጠብጣብ ማየትን ረስተዋል። ስለዚህ ለአራት ቁጥር ሲባል የሰው ዓይን አስፈለገ። ኖላዊት በዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፏን የሠራችው በቆዳ ላይ ስላለ ቀለበት ነው። ሥራዋ «ነጥብ አንባቢ» ይባላል፤ በአርባ ካሜራ ፊት ትቀመጣለች፤ እንስሳዋን ካየች ቁልፍ ትጫናለች፤ በር ላይ የሚጠብቀው ያዥ ቡድን ወጥቶ ይይዛትና ያስተካክላታል።

በመዝገቡ መሠረት አራት ቁጥር ከታየች ሰማንያ አምስት ቀን ሆኗታል። በእውነቱ ኖላዊት በእነዚህ ቀናት ውስጥ ሃያ ሦስት ጊዜ አይታታለች። የመጀመሪያው ቀን በካሜራ አሥራ ሰባት ላይ ነበር፤ እንስሳዋ አንገቷን ብቻ ከውሃ አውጥታ አምባዛ በአፏ ይዛ ትዋኝ ነበር። የኖላዊት ጣት ቁልፉ ላይ ነበረ። ሳትጫነው ቀረች። ለምን እንደሆነ ራሷን አልጠየቀችም፤ መዝገቡ ላይ «አልታየችም» ብላ ጻፈችና ሻይዋን ጠጣች።

በሰማንያ አምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ኃላፊው አቶ ማክቤል ወደ ክፍሏ መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ የሚያስቀይም ነገር ሊናገር ሲል ቆሎ ይዞ ይመጣል።

«ወይዘሮ ኖላዊት፣ ዛሬም የለችም?»

«የለችም።»

«ይዝገኑ እስቲ።» ቆሎውን ወደ እሷ አስጠጋ። «የፊታችን ቅዳሜ ዘጠና ቀን ይሞላል። በውሉ መሠረት ዘጠና ቀን ያልታየ እንስሳ እንደ ሞተ ይገመታል። ግምት ግን በቂ አይደለም፤ አስከሬን ይፈለጋል። ስለዚህ ረግረጉ ይታጨዳል።»

«የትኛው ረግረግ?»

«ሙሉው። ሸምበቆው ከሥሩ።»

ኖላዊት ዓይኗን ከካሜራዎቹ ሳታነሣ፣ «ሲታጨድ በሕይወት ብትገኝስ?» አለች።

«እሰየው ነዋ፤ ያኑ ዕለት ትስተካከላለች።» ጥቂት ቆሎ ቆረጠመ። «ሌላ መንገድ አለ፤ ግን ለእኛ የሚሆን አይመስለኝም። አዲስ አንቀጽ ገብቷል። አስከሬን በማይገኝበት ጊዜ፣ እንስሳውን በቅርብ የሚያውቅ ሰው ሐዘን ይለካል። ከሰማንያ በላይ ከተነበበ ሞቱ እንደ ተረጋገጠ ይቆጠራል፤ ፋይሉ ይዘጋል፤ ፍለጋም የለም። ወረቀት ይዋሻል፣ ፊት አይዋሽም ነው የሚሉት።»

«በቅርብ የሚያውቃት ማን ነው?»

«እርስዎ ነዎታ።» አቶ ማክቤል እግሩን ማየት ጀመረ። «አይቀየሙኝና፣ ማጨጃውን አስመጥቻለሁ። ማለቴ፣ በአቶ ዳግማዊ ጊዜ እንኳ በአራተኛው ቀን ሥራ ገብተዋል። በሰባ ሁለት።»

«ልክ ነው፣» አለች ኖላዊት። «ቆሎው ጥሩ ነው።»

ወሬው ምሳ ሰዓት ሳይደርስ መንደር ገባ። ጋሽ አምበሎ ጥላቸውን እንደ ከዘራ እየተመረኮዙ መጥተው የጽሕፈት ቤቱ አጥር ዳር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። የወንዙ ዳር መንደር እድር ዳኛ ናቸው። ጃጓሮቹ ሲመጡ እያንዳንዱ እድር አንዳንድ እንግዳ በአደራ ተረክቦ ነበር፤ የእሳቸው እድር የተረከበው እንግዳወርቅን ነው።

«እንግዳችን ሞተች አሉ፣» አሏት ኖላዊትን ስትወጣ አይተው።

«እንደዚያ ነው የሚባለው፣ ጋሽ አምበሎ።»

«ቅዳሜ ድንኳን እንጥላለን። ጨርሰናል፤ ጡሩምባም ይነፋል።»

«አስከሬን የለም እኮ።»

«አስከሬን የሌለው ለቅሶ አታውቂም? ወንዝ የወሰደው አለ፣ ዘምቶ የቀረ አለ። እርሙ መውጣት አለበት። ደግሞ የላይኛው መንደር ምን ይለናል? የእነሱ ብርቱካን ሥጋ በዝቶበት ሆዱ ተነፍቶ ሲሞት ሦስት ቀን ተቀምጠዋል። የእኛ ሠርታ የምትበላዋ ሞታ ዝም ልንል ነው?»

ኖላዊት ሳቅ ሊመጣባት ነበር፤ መለሰችው። ጋሽ አምበሎ ጥላቸውን ከጉልበታቸው ወደ ጉልበታቸው አዛወሩ።

«ባለፈው ሳምንት ወንዙ ዳር ዱካ አይቼ ነበር፣» አሉ ወደ ረግረጉ እየተመለከቱ። «ሰፊ ነው። ክብ።»

ኖላዊት የደንብ ልብሷን እጅጌ ጠቀለለች።

«ከዚያ ዝናብ መጣና አጠበው። እኔም አርጅቻለሁ። የላም ይሆናል።»

«የላም ይሆናል።»

«ይሆናል። ከላም በቀር ምን አለ?» አሁን ወደ እሷ ዞሩ። «ስሚ ልጄ፤ ማልቀስ ትችያለሽ?»

«ማን አይችልም?»

«አንቺ። ለባልሽ ስትቀመጪ ነበርኩ። ሴቱ ሁሉ ደረቱን ሲመታ አንቺ ለመጣው ሁሉ ሻይ ትቀጂ ነበር። ክፉ አላልኩም። ሰው የራሱን የሚያስቀምጥበት ያውቃል። ማሽኑ ግን እንደ እኔ አያውቅሽም፤ ያየውን ነው የሚጽፈው።»

ኖላዊት ወደ ቤቷ ሄዳ መስተዋት ፊት ቆመች። የከንፈሯን ጥግ ዝቅ አደረገች፤ ግንባሯን ሰበሰበች። የሆድ ሕመም ያለባት ሴት መሰለች።

ቅዳሜ በሦስት ሰዓት ድንኳኑ ሞላ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በአንድ በኩል፣ ወንዶቹ በሌላ በኩል ተቀምጠዋል። በስተኋላ ለጎብኚዎች ሦስት ረድፍ ወንበር ተደርድሯል፤ ለቅሶ መድረስ በጉብኝቱ ዝርዝር ውስጥ አዲስ የገባ ነው። ፊት ለፊት፣ ጥቁር ጨርቅ በታሰረበት መስታወት ውስጥ፣ የሟች ፎቶግራፍ ቆሟል። አራት ቁጥር በግልጽ የታየችበት ፎቶ ባለመገኘቱ የተቀመጠው የሸምበቆ ፎቶ ነው፤ ከሥሩ «በግራ በኩል» ተብሎ ተጽፎበታል። ለቀስተኛው ሁሉ እየቀረበ በግራ በኩል ያለውን አተኩሮ ያያል፤ ራሱን ይነቀንቃል፤ ከንፈሩን ይመጥጣል።

ፊት አንባቢው በእንጨት ላይ ተሰቅሎ ከኖላዊት ፊት ለፊት ቆሟል፤ ከጎኑ ቁጥሩን ለሁሉም የሚያሳይ ሰሌዳ አለ። ከታች፣ ከረግረጉ አፋፍ፣ የማጨጃው ሞተር ተነሥቶ ይንጎራጎራል። እስከ ስድስት ሰዓት ይጠብቃል፤ ከዚያ ይገባል።

አስለቃሿ ተነሣች።

«ከሩቅ አገር መጥታ፣ ሳንጠግባት ያጣናት፣
ውሃው ነው፣ ሸምበቆው፣ ማነው የደበቃት?»

ሴቶቹ ተቀበሏት። ጋሽ አምበሎ እንባቸውን በጥላቸው ጫፍ ጨርቅ ጠረጉ፤ እውነተኛ እንባ ነበር፤ ስለ ማን እንደሆነ የጠየቃቸው የለም። ሰሌዳው በራ።

«ደስታ፦ ሰባ ሁለት።»

ድንኳኑ ውስጥ ጉርምርምታ ተሰማ። ከኋላ አንድ ጎብኚ ፎቶ አነሣ። አቶ ማክቤል መሬት መሬት አየ። ኖላዊት ፊቷን ከቤት እንዳጠናችው አደረገችው። ሰሌዳው ትንሽ አሰበ።

«ደስታ፦ ስድሳ። ጥረት፦ ሠላሳ ስምንት።»

«እንዲያው ይቺ ሴትዮ ከምን ተሠራች?» አለች ከሴቶቹ አንዷ፣ ለመሰማት በሚበቃ ድምፅ።

«ከሻይ፣» አለች ሌላዋ።

አምስት ሰዓት ሆነ። አስለቃሿ ውሃ ጠጥታ ዳግም ጀመረች። አምስት ተኩል ሆነ። ኖላዊት እንግዳወርቅን አሰበች፤ ስለ እሷ ማዘን ግን አልቻለችም፤ ከሁለት ቀን በፊት በካሜራ አሥራ ሰባት ላይ ጠግባ ተኝታ አይታታለች። ስለ ሸምበቆው አሰበች። ሰሌዳው «ሥጋት፦ አርባ አራት» አለ። ሥጋት ለፋይል መዝጊያ አይሆንም።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ያንን ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ፣ በሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ፣ ማንም እንዳያየው አድርጋ አስቀምጣዋለች። ስታስቀምጠው ደግሞ በደንብ ነው ያስቀመጠችው፤ እስክታገኘው ጊዜ ወሰደባት።

ዳግማዊ ሆስፒታል በተኛ በዘጠነኛው ቀን ጥፍሩን እንድትቆርጥለት ጠየቃት። ንጹሕ ሰው ነበር፤ ጥፍር ሲረዝምበት አይወድም። መቁረጫውን ከቦርሳዋ አወጣችና የቀኝ እጁን ቆረጠችለት። ትንሿ ጣት ላይ ስትደርስ ሐኪሙ ገባ። «ግራውን ነገ፣» አለችው። «ነገ ይደርሳል፣» አለ እሱም። በማግስቱ ገንዘው ሲሰጧት የተሸፈነውን እጅ ማንሣት አልፈለገችም፤ ሰው ቆሞ ነበር፤ መኪናው ይጠብቅ ነበር። ግራ እጁ እንዳለ ተቀበረ። አምስት ጣት ነው። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነበር።

መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው አገጯ ነው። ከዚያ ከደረቷ አንድ ድምፅ ወጣ፤ ራሷም የማን እንደሆነ አላወቀችውም። እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ አላገደውም። አስለቃሿ ግጥሟን በመሐል አቋረጠች፤ የሙያ ሰው ስለሆነች መቼ ዝም እንደሚባል ታውቃለች። ጎብኚዎቹ እንኳ ካሜራቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሐዘን፦ ዘጠና ስድስት፣» አለ ሰሌዳው። «ሞቱ ተረጋግጧል።»

ከታች የማጨጃው ሞተር ጠፋ።

ወሬው ከእሷ ቀድሞ ሰፈር ደረሰ። «ለባሏ ሻይ ስትቀዳ የዋለች፣ ለአውሬ አነባች፣» ተባለ። ኖላዊት ሰማች። ገብታ ሻይ ጣደች።

ሰኞ ጠዋት አቶ ማክቤል ቆሎ ይዞ መጣ።

«ጽሕፈት ቤቱ እጅግ ተነክቷል፣» አለ። «ከዘጠና በላይ ላዘነ ሠራተኛ አርባ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ከዛሬ ጀምሮ።»

«አልፈልግም። እሠራለሁ።»

«በዘጠና ስድስት? ግዴታ ነው፣ ወይዘሮ ኖላዊት።»

«ካሜራዎቹስ? ሞታለች አይደል፤ ይዘጉ።»

«ውሉ ከሞት በኋላ ስድስት ወር ይጠበቅ ይላል። አይጨነቁ፣ ከአዲስ አበባ ሰው መድበውልናል፤ ወይዘሪት ሶልያና ትባላለች። በዓይን ጥራት ውድድር ከሦስት መቶ ሰው አንደኛ የወጣች ናት። ከእሷ ዓይን ትንኝ አያመልጥም ይላሉ።» ኩራት በተሞላ ድምፅ ነበር የተናገረው። «እንግዲህ በስሕተት ሞተች ብለን ከሆነ፣ በአንድ ቀን ታገኛታለች።»

ኖላዊት ቤቷ ገባች። ያን ቀን ማታውን ጎረቤቶቿ ንፍሮ ይዘው መጡ፤ «እግዜር ያጽናሽ፣ ሌላ ይተካልሽ» አሏት። በማግስቱም መጡ። በዳግማዊ ጊዜ ያልመጡ ሁሉ መጡ። እሷ ግን በሩ በተንኳኳ ቁጥር የምትሰማው ሌላ ነበር፤ አንዱ ገብቶ «የምሥራች፣ በሕይወት ተገኘች» ይላታል ብላ ትጠብቃለች። ሌሊትም የማጨጃው ሞተር የተነሣ እየመሰላት ትባንን ጀመር። እሷ ሃያ ሦስት ጊዜ ያየቻትን እንስሳ ሶልያና በመጀመሪያው ቀን ሳታያት አትቀርም። ለምን እስካሁን እንዳልተነገረ ብቻ ነበር ያልገባት።

በአሥራ አንደኛው ቀን መቆየት አቃታት። ወንበሩ ላይ የተውኩት ሹራብ አለ ብላ ረፋድ ላይ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደች። መንገድ ላይ ፊቷን ማሰናዳት ረሳች። በሩ አነበባትና ድምፁን ለስለስ አድርጎ፣ «ሐዘን፦ ዘጠና አንድ። ይግቡ፣» አላት።

ወይዘሪት ሶልያና ከወንበሯ ብድግ ብላ ተቀበለቻት። ንቁ፣ ትሑት፣ ትልልቅ ዓይን ያላት ልጅ ናት። ጠረጴዛዋ ላይ በቀለም የተለየ ማስታወሻ ተደርድሯል፤ በአሥር ቀን ውስጥ አራት መቶ ሠላሳ ወፍ፣ ሦስት አዞ፣ አንድ የጠፋ በግ መዝግባለች። የበጉን ባለቤትም አግኝታለች።

«ስለ እርስዎ ብዙ ሰምቻለሁ፣ እትዬ። እግዜር ያጽናዎ።»

«አሜን። ሥራው እንዴት ነው?»

«ደስ ይላል። ከሁሉ ደግሞ ይቺን ካሜራ እወዳታለሁ። ይምጡ ላሳይዎ።»

ካሜራ አሥራ ሰባት ነበር። በውሃው ላይ የወደቀ ግንድ አለ፤ ከበላዩ ሸምበቆ፣ በሸምበቆው መሐል የረፋድ ፀሐይ። በግንዱ ላይ እንግዳወርቅ ሙሉ ሰውነቷን ዘርግታ ተኝታለች፤ አጫጭር እግሮቿ በግራና በቀኝ ተንጠልጥለዋል፤ የጅራቷ ጫፍ ውሃውን ይነካል። ኖላዊት በትከሻዋ ላይ ያሉትን አምስት ቀለበቶችና በየውስጣቸው ያሉትን ነጥቦች ሳትፈልግ ቆጠረች። የወንበሩን መደገፊያ ያዘች።

ሶልያና እስክሪብቶዋን አንሥታ የእንስሳዋን ጀርባ በጫፉ ነካች።

«ይሄን ጥላ ይመልከቱልኝ፣» አለች። «ምንም የለም እኮ፤ ግን ዓይን ያሳርፋል። ሲደክመኝ ይሄን ነው የማየው። በተለይ ነፋስ ሲያንቀሳቅሰው።»

ኖላዊት ሸምበቆውን አየች። አንድም ቅጠል አይንቀሳቀስም፤ ነፋስ አልነበረም። ከፍ ዝቅ የሚለው የእንግዳወርቅ ጎን ነው።

«በየቀኑ ታዪዋለሽ?»

«በየቀኑ። በዚህ ሰዓት ነው የሚያምረው፤ ከሰዓት በኋላ ይጠፋል።» ሶልያና ቀና ብላ አየቻት። «ምነው እትዬ፣ የሆነ ነገር ታየዎት?»

«ሸምበቆ ነው፣» አለች ኖላዊት።

«ሻይ ልቅዳልዎ» ብላ ልጅቷ ወደ ማሞቂያው ዞረች። ኖላዊት ሹራቧን ከወንበሩ አነሣችና እንግዳወርቅን አንድ ጊዜ ልትሰናበታት ብላ ወደ ካሜራው ተመለሰች። ቦታውን ታውቀዋለች፤ ግንዱ፣ የግንዱ ግራ ጎን፣ ብርሃኑ ከሚንጠባጠብበት ሥር። መነጽሯን አደረገች። ጠጋ አለች። ግንዱ አለ፤ ውሃው አለ፤ ብርሃንና ጥላ በግንዱ ላይ ተረጭቶ ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ ይላል። ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ዩኒቨርሲቲ እንደተማረችው መስመር በመስመር ፈለገች።

አጣቻት።